ጧፍ የበላት ልጅ

ካርታ ላይ ብትፈልጉት የማታገኙት፣ ወሬው ግን ከየሰፈሩ የማይጠፋ አንዳፍ የሚባል መንግሥት ነበረ። እንደሰማሁት እነግራችኋለሁ፤ የራሳችሁን ደጅ የሚመስል ነገር ካያችሁበት ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

የአንዳፍ ሹማምንት በአንድ ነገር ይኮሩ ነበር። በአገራቸው የማያነብ ልጅ የለም። ይህ ቃል በቤተ መንግሥቱ በር ላይ በትልልቅ ፊደል ተቀርጾ በየዓመቱ በአዲስ ቀለም ይደምቃል። ቀለም ቀቢው የሚቀባው ነገር ምን እንደሚል አያውቅም፤ ከመስመር ግን አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነበር።

በዚያ አገር ንባብ የሚለካው በጧፍ ነው። ልጁ መጽሐፉን ይዞ ይቆማል፣ ጧፍ ያዡ ጧፉን ይለኩሳል፤ ጧፉ አንድ ጣት ያህል ከመንደዱ በፊት ገጹን የጨረሰ አንባቢ ነው። ያልጨረሰ ደግሞ «ጧፍ የበላው» ይባላል። ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል፣ ከዚያ ወዲያ የትምህርት ቤት ደጃፍ አይረግጥም። ሕጉ እንዴት እንደወጣ ሲናገሩ፣ ከጥንት ነገሥታት አንዱ አንድ ልጅ ሲያነብ እንዲሰማ ተለምኖ በተቀመጠበት ከወጥ ቤት በኩል የቅቅል ሽታ መጣበት ይላሉ። ንጉሡ ርቦት ነበር። «ይህቺ ጧፍ አንድ ጣት ከነደደች በኋላ ያለው ንባብ፣ ንባብ አይደለም» ብሎ ተነሣ። ጸሐፊዎች ቃሉን ጻፉት፣ በነጋታው አዋጅ ሆነ፣ በሳምንቱ የጧፍ ሹም ተሾመበት። ንጉሡ ነገሩን እጁን ሳይታጠብ ነው የረሳው፤ ሹሙ ግን አልረሳም።

ጧፍ የማይለኮስባቸው የጸሐፊዎች ልጆች ብቻ ነበሩ። እነሱ ቤታቸው ተቀምጠው፣ በእናታቸው ቋንቋ፣ እየጠየቁና እየተሳሳቱ ቀስ ብለው ይማራሉ። ለምን እንደዚያ ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ዓይኑን ጧፉ ላይ ተክሎ ነበር።

በዚህ መንግሥት ዳርቻ ሦስት ወንዝ የምትባል ከተማ ነበረች። ሦስት ወንዞች ይገናኙባታል፣ ሦስት ዓይነት ሰዎችም ይኖሩባታል፤ ሸንበቆ አጭደው ታንኳ የሚሠሩት የሸንበቆ ሰዎች፣ ከበረሃ ጨው የሚያመጡት የጨው ሰዎች፣ ከጫካ ማር የሚቆርጡት የማር ሰዎች። ሁሉም የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ገበያ ላይ ግን በምልክትም በሳቅም ይግባባሉ። የዙፋኑን ቋንቋ የሚያውቅ አዋቂ ጥቂት ነው፣ እሱንም ከልጆቹ የለቃቀመው ነው።

ዙፋኑ ይህንን መደበላለቅ አይወድም ነበርና በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሦስት ቅሎች አሰቀለ። ልጆች ጠዋት ሲገቡ እያንዳንዱ በወገኑ ቅል ውስጥ አንዴ እፍ ይላል፤ የቤቱን ቋንቋ እዚያ ማስቀመጡ ነው። ዘበኛው አቶ ጓንጉል ቅሎቹን በውታፍ ይደፍናቸዋል። ትምህርት ሲያበቃ ውታፉን ይነቅልና ልጆቹ ተራ በተራ ጆሯቸውን አስጠግተው ቋንቋቸውን ይወስዳሉ። ጓንጉል በሥራው ቀልድ አያውቅም። አንድ ጊዜ የጨው ሰዎች ቅል ወድቆ ሲሰነጠቅ፣ ቋንቋው ግቢው ውስጥ ስለፈሰሰ መሬቱ እስኪደርቅ ተብሎ ትምህርት ለሁለት ቀን ተዘግቷል።

እዚያ ነው መምህር ምንውየለት አሥራ አንድ ዓመት ያስተማረው። ከዋናው ከተማ የመጣ፣ ቀጠን ያለ፣ ልብሱ ላይ እድፍ የማይታይበት፣ ድምፁ ግን ከወንዙ ማዶ የሚሰማ ሰው ነበር። በአሥራ አንዱ ዓመት ጧፍ አንድም ተማሪ አልበላበትም። አንድም ተማሪ ሳይጎድልበት አሥራ ሁለት ዓመት የሞላ መምህር ካባ ለብሶ ወደ ዋናው ከተማ ይመለሳል ይላል ደንቡ። የምንውየለት ትከሻ ተለክቶ ካባው መሰፋት ጀምሯል።

የሥራው ምስጢር ዜማ ነበር። መጽሐፉ አንድ ነው፣ ገጹም አሥራ አንድ ብቻ። የመጀመሪያው ገጽ «ነጭ ፈረስ በዙፋኑ ደጅ ቆሟል» ብሎ ይጀምራል። በሦስት ወንዝ ፈረስ አይቶ የሚያውቅ የለም፤ የማር ሰዎች ልጆች ከዙፋኑ ጋር ሁልጊዜ አብሮ ስለሚነሣ አንድ ዓይነት በርጩማ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቢሆንም ምንውየለት ቃሉን በዜማ ያወጣል፣ ልጆቹ በዜማ ይቀበላሉ። ዓመቱ ሲጋመስ ከአሥራ አንዱ ገጽ የትኛውንም ጧፉ ግማሽ ጣት ሳይነድ ይጨርሱታል።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ግን ሲልቤ መጣችበት። የሸንበቆ ሰዎች ልጅ ናት፣ ዕድሜዋ ዘጠኝ፣ አባቷ ሰው በታንኳ የሚያሻግር። ክፍሉ ሲያዜም እሷ ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ «ነ… ጭ… ፈ… ረ…» ትላለች። ሠላሳ ስምንቱ ልጆች ገጹን ጨርሰው ሲቀመጡ እሷ ገና ፈረሱን ከደጁ አላደረሰችውም። ምንውየለት ተቆጣ፣ አባበለ፣ ከፊት ወንበር አስቀመጣት፣ ከኋላም ወሰዳት። ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

አባቷን አስጠርቶ ነገሩን በልጆች አስተርጓሚነት ነገረው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት፣ ታላቋን ልጁን ጧፍ በልቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሸንበቆ ታጭዳለች፤ የሸንበቆ ቅጠል ስለት ስላለው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እጅ የሽማግሌ እጅ ሆኗል። አባትየው አብራው የመጣችውን የትልቋን ልጅ እጅ ገልብጦ ለመምህሩ አሳየና ተመልሶ ሄደ። ምንውየለት ያን ቀን ምሳውን በደንብ አልበላም፤ ለልጅቷ ይሁን ለካባው ያዘነው እሱም አልለየውም።

የጧፍ ቀን የሚባለው የዓመቱ ፈተና አንድ ወር ሲቀረው አዳዲስ መጻሕፍት ደረሱ። ጠራዡ ተሳስቶ በሦስተኛው ገጽ ቦታ ሰባተኛውን ሰፍቶት ነበር፤ ይህንን ደግሞ ከጠራዡ ጀምሮ እስከ መምህሩ ድረስ ያስተዋለ የለም። ምንውየለት ገጽ ሦስትን አስገለጠ። ሦስተኛው ገጽ ስለ ንግሥቲቱ ዘውድ የሚናገር ነውና ክፍሉ ዘውዱን እያዜመ እንደ ወትሮው ጨረሰ። ሲልቤ ብቻ ቆማ ቀረች። ጣቷ ከመስመሩ ሥር እየሄደ ነው። «ሎ… ሚ…» አለች።

ምንውየለት አለንጋውን አነሣ። ገጽ ሦስት ላይ ሎሚ እንደሌለ በቁጣ ነገራት።

«የኔታ፣ እዚህ አለ» አለች፣ ፈርታም ቢሆን ጣቷን ሳታነሣ።

ጎንበስ ብሎ አየ። ሎሚ ነው። የንግሥቲቱ ሎሚ፣ ሰባተኛው ገጽ። ከሠላሳ ስምንቱ ልጆች ጋር አብሮ፣ ዓይኑ ሎሚው ላይ ተተክሎ፣ አፉ ዘውዱን ሲያዜም እንደነበር ያን ጊዜ ገባው። መጽሐፉን ስንት ዓመት ሳያየው እንደያዘው ለመቁጠር ሞከረና ተወው። እፍረት ሽቅብ ወጣበት።

አለንጋውን አስቀምጦ ጠመኔ አነሣ። በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር ሊጽፍ ፈልጎ ሰሌዳው ፊት ቆመ፤ እጁ እምቢ አለው። ፊደሎቹን ከልጅነቱ ጀምሮ በዜማ ያውቃቸዋል፣ ለየብቻቸው ጠርቶ ማሰለፍ ግን ላብ አወጣው። በመጨረሻ «በሩ ተከፍቷል» ብሎ ጻፈና አንብቡ አላቸው። ሠላሳ ስምንቱ ልጆች ብድግ ብለው ነጩን ፈረስ አዜሙለት። ሲልቤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሰሌዳውን ስታይ ቆየች፤ ከዚያ ዞር ብላ በሩን ተመለከተች።

«የኔታ፣ ልዝጋው?»

ልጆቹ ሲወጡ እሷን አስቀራት። ማን እንዳስተማራት ሲጠይቃት የምትባረር መስሏት በሩን በሩን አየች። ቀስ በቀስ ግን ነገረችው። እሱ ራሱ ነው ያስተማራት፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች ሲያዘምራቸው እሷ ድምፃቸውን አንድ በአንድ ይዛ ቤቷ ትሄዳለች። ወንዝ ዳር ጭቃ ላይ መጀመሪያ «ሹላ» ብላ ጻፈች። ሹላ በሸንበቆ ሰዎች ቋንቋ ውሃ ነው። ፊደሉ እምቢ አላላትም። ከዚያ የእህቷን ስም ጻፈች፤ እህቷ ስሟን ጭቃ ላይ ስታየው አለቀሰች።

«ቋንቋሽን ቅሉ ውስጥ አላስቀመጥሽም ማለት ነው?» አለ ምንውየለት።

«አስቀምጣለሁ፣ የኔታ። ግን እፍ ስል ሁሉም አይወጣም።»

መምህሩ እስከ ማታ ድረስ ግቢው ውስጥ ሲመላለስ ዋለ። ሠላሳ ስምንት የማያነቡ አንባቢዎችና አንዲት የምታነብ ጧፍ የሚበላት ልጅ አሉት። አፉን ዘግቶ አንድ ወር ቢታገሥ ካባው የእሱ ነው፤ እሷን በመጨረሻው ሳምንት «ታማለች» ብሎ ማስቀረትም ይቻላል። ደግሞ የዚያችን የታላቅ እህት እጅ አስታወሰ። በነጋታው ጠዋት ክፍሉን ሰብስቦ ወደ ወንዙ ዳር ወረደ።

መጀመሪያ ግን ጓንጉልን ማለፍ ነበረበት። ምንውየለት ቅሎቹ ስለሻገቱ ለአንድ ወር ፀሐይ ላይ ክፍት ሆነው መሰንበት አለባቸው አለው። ጓንጉል ያለ ጽሑፍ ትእዛዝ ውታፍ እንደማይነቅል ተናገረ። መምህሩ ጽፎ ሰጠው። ዘበኛው ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ነጩን ፈረስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዜመበትና ትእዛዙ ትክክል መሆኑን አረጋግጦ ቅሎቹን ከፈታቸው።

ወንዙ ዳር እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ቃል አመጣ። የጨው ነጋዴው ልጅ ደርሞ ጨውን በእነሱ ቋንቋ ጻፈ፤ የመጨረሻውን ፊደል ሦስት ጊዜ ደምስሶ ነው ያገኘው። የማር ሰዎች ልጆች የንብ ስም ጻፉ፣ ለንብ ስድስት ስም ስላላቸው ጭቃው አልበቃቸውም። አንዱ የሌላውን ቃል ለማንበብ ሲሞክር የዳርቻው ሳቅ ገበያ ድረስ ይሰማል። ምንውየለትም ሱሪውን ሰብስቦ አብሯቸው ይጽፋል፣ አብሯቸው ይሳሳታል። ልብሱ ላይ እድፍ የታየው ያን ጊዜ ነው።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ አንድ አስደንጋጭ ነገር ሆነ። ልጆቹ መጽሐፉን ሲገልጡ መደናቀፍ ጀመሩ። እንደ ጅረት ይወርድ የነበረው ዜማ ጠፍቶ ክፍሉ በሙሉ «ነ… ጭ…» ይላል። ደርሞ «ፈረስ» የሚለው ላይ ቆሞ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ጠያቂ እሱ ነው። ምንውየለት ፈረስ በሰሌዳው ላይ ሣለላቸው፣ የማር ሰዎች ልጆችም ስለ በርጩማው አፈሩ። መምህሩ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ያዘው፤ በዚህ አካሄድ ጧፉ ሠላሳ ዘጠኙንም ይበላቸዋል።

እናም የጧፍ ቀን ጠዋት ልቡ ከዳው። ልጆቹን ሰብስቦ ለዛሬ ብቻ እንዲያዜሙ፣ ከነገ ጀምሮ እንደሚያነቡ ነገራቸው። ዜማውን አልረሱትም ነበርና እሺ አሉት። ሲልቤን ለብቻዋ ጠርቶ ገጽ አንድን በቃሏ መያዟን ጠየቃት፣ ይዛዋለች። ጣቷን ፊደሉ ላይ እንዳታደርግ፣ ዝም ብላ እንድትለቀው ለመናት። ለእሷ ብሎ እንደሆነ ነገራት፤ እውነትም ነበር፣ ሙሉው እውነት ግን አልነበረም።

ፈታኙ ሊቀ ንባብ አግደው በበቅሎ ደረሰ። ሁለት ጧፍ ያዦች፣ አንድ ባለ ጃንጥላና አንድ ወንበር ተሸካሚ አጅበውታል። ከዋናው ከተማ ሲነሣ ጸሐፊዎች በሦስት ወንዝ ገበያ ፈጥኖ እንዲነበብ ብለው የታሸገ ወረቀት ሰጥተውት ነበር፤ የአራት ቀን መንገድ ነው፣ እሱ ግን በየመንደሩ ግብዣ ሲጠብቀው አሥራ ሦስት ቀን ፈጀበት። ወንበሩን ወንዙ ዳር ካለው ዋርካ ሥር አስተከለ። ሕዝቡ ተሰበሰበ። አግደው ማኅተሙን ፈትቶ ወረቀቱን ዘረጋና በሚያምር ድምፅ «ነጭ ፈረስ በዙፋኑ ደጅ ቆሟል» ብሎ ጀመረ። እስከ መጨረሻው አዜመው፣ ሕዝቡ እጅ ነሣ፣ ወረቀቱ ዋርካው ላይ ተሰቀለ። የሦስት ወንዝ ሰዎች ከዙፋኑ የሚመጣ አዋጅ ሁሉ እንዲህ ሲነበብ ነው የኖሩት።

አንድ የጨው ሰዎች ሽማግሌ ደርሞን ምን እንደተባለ ጠየቀው።

«ፈረሱ ቆሟል ነው የሚሉት» አለ ደርሞ።

«አሁንም?»

«አሁንም።»

ሽማግሌው ለንጉሡ አዘነ።

ከዚያ ፈተናው ተጀመረ። ሠላሳ ስምንቱ ልጆች ተራ በተራ እየተነሡ አዜሙ፤ ጧፉ ግማሽ ጣት እንኳ አልነደደም። አግደው ራሱን እየነቀነቀ ለምንውየለት ስለ ካባው ገበር ያጫውተው ጀመር። በመጨረሻ ሲልቤ ተጠራች። መጽሐፉን ይዛ ቆመች። ገጽ አንድን ታውቀዋለች፣ አፏንም ከፍታ ነበር። ችግሩ ዓይኗ ነው። ከአግደው ትከሻ በላይ የተሰቀለው ወረቀት ፊት ለፊቷ ነበር፤ ፊደል ከፊቷ ተቀምጦ ዝም ብላ ማለፍ ከተወች ደግሞ ቆይታለች። ጧፉ ተለኮሰ።

«የ… ላ… ይ… ኛው…» አለች።

ጧፍ ያዡ ሳቀ። አግደው ፈረሱ የት ሄደ ብሎ ቀለደ፣ አጃቢዎቹም ሳቁለት። ሲልቤ አልሰማቻቸውም። «ሐ… ይ… ቅ…» አለች፣ «ግ… ድ… ብ…»። ምንውየለት በዙፋኑ ቋንቋ ያደገ ነውና ቃሎቹን መገጣጠም ጀመረ። የላይኛው ሐይቅ ግድብ። ጧፉ ሩብ ጣት ነዷል። «በጧፍ ቀን» የሚለው ቃል ሲወጣ ዘወር ብሎ ወንዙን አየ። አሁን «ተዪው፣ ፈረሱን በዪ» ብሎ ቢጮህ በቀረው ጧፍ ገጽ አንድን ትደርስበታለች፣ ስሟም አይፋቅም፣ ካባውም አይቀርም። እሱ ግን የሚቀጥለውን ቃል ሊሰማ አንገቱን አሰገገ።

ጧፉ አንድ ጣት ሞላ። አግደው በትንፋሹ አጠፋውና ልጅቷን ጧፍ እንደበላት፣ ከዚህ በኋላ የምትለው ሁሉ ንባብ እንዳልሆነ አወጀ። ሲልቤ ቆም ብላ ወደ መምህሯ ዞረች። እንባዋ መጥቷል። መስመሩ ግን ገና አላለቀም።

«አንብቢ፣ ልጄ» አለ ምንውየለት። «ጧፉ ነው የጠፋው፤ አንቺ ቀጥዪ።»

ይህን ብሎ ወረቀቱን ከዋርካው አወረደና ለልጆቹ ዝቅ አድርጎ ያዘላቸው። ሠላሳ ዘጠኙም ተጠጉ። አንዱ የሳተውን ሌላው እያነሣ፣ እየተደናቀፉ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ግድቡ ስላረጀ በጧፍ ቀን ከቀትር በኋላ ውሃው ይለቀቃል፤ የሦስት ወንዝ ሰዎች ልጆቻቸውንና ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ኮረብታው ይውጡ ነው የሚለው። ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች። ልጆቹ ቅል ሳይፈታላቸው በየቋንቋቸው ወደየወገናቸው ሮጡ። ደርሞ ለጨው ሰዎች ተናገረ፣ የማር ሰዎች ልጆች ለእናቶቻቸው፣ ሲልቤ ወደ ታንኳው ማሰሪያ በረረች። ገበያው በአንድ ጊዜ ተነሣ።

አግደው ብቻ ከወንበሩ አልተነሣም። ከጧፉ በኋላ የተነበበ ነገር በሕግ እንዳልተነበበ ይቆጠራልና፣ ያልተነበበ ውሃ ሊመጣ አይችልም አለ። ጧፍ ያዦቹ ግን ጧፋቸውን ጥለው ከሕዝቡ ፊት ነበር የሚሮጡት። ውሃው ሲመጣ ከቀትር ትንሽ አልፏል። ትምህርት ቤቱን፣ ገበያውን፣ ሦስቱንም ቅሎች ወሰደ። ሰው አልወሰደም። ሊቀ ንባቡን የሲልቤ አባት ከነወንበሩ በታንኳ አወጣው፤ አግደው ልብሱን እየጨመቀ ጎርፉ በመርሐ ግብሩ ውስጥ እንዳልነበረ ተናገረ።

በአርባኛው ቀን ግድም፣ ሕዝቡ ኮረብታው ላይ ዳስ ጥሎ ትምህርት እንደገና ተጀምሮ ሳለ፣ ከዋናው ከተማ መልእክተኛ መጣ። በዳሱ ውስጥ ልጆቹ ተቀምጠዋል፤ የሲልቤ ታላቅ እህትም በዚያ በተቆራረጠ እጇ ጠመኔ ይዛ ከኋላ ተቀምጣለች፣ ከጎርፉ በኋላ ማንም አትግቢ አላላትም። መልእክተኛው የመጣው ለምንውየለት ነበር። በደንቡ መሠረት ደብዳቤው በሰዎች ፊት ይነበባል፣ የሚመለከተው ሰው «ሰምቻለሁ» ይላል፣ መልእክተኛውም የተነበበውን ይዞ ይመለሳል። ማኅተሙን ፈታ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ነጩን ፈረስ በዙፋኑ ደጅ አቆመው። ከዳሱ ውጭ የነበሩት አዋቂዎች እርስ በርስ ተያዩ።

ምንውየለት ደብዳቤው ስለ ፈረስ እንዳልሆነ ያውቃል። አግደው ምን ብሎ እንደከሰሰውም መገመት አያቅተውም። እጁን ሲዘረጋ ሲልቤ ቀደመችው።

«የኔታ፣ እኔ ላንብበው?»

መልእክተኛው ግድ አልሰጠውም፤ ሰጣት። ሲልቤ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አደረገች። ድምፅ አላሰማችም፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጣቷ ቀስ እያለ ወረደ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። ስትጨርስ ዘወር ብላ እህቷን አየቻት፣ መልእክተኛውንም አየችው። ከዚያ ብድግ ብላ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ያዘች።

«መምህር ምንውየለት በሦስት ወንዝ ማስተማሩን እንዲቀጥል፣ ጧፍ የበላቸውም ልጆች ሁሉ ወደ ትምህርታቸው እንዲመለሱ ዙፋኑ ፈቅዷል» አለች። በአንድ ትንፋሽ ተወጣችው፤ አንድም ፊደል ላይ አልተያዘችም።

መልእክተኛው አደነቀ። ይህን ያህል ጎበዝ አንባቢ በመንገዱ ሁሉ እንዳልገጠመው፣ ጧፍ ቢለኮስ ጥፍር ያህል እንኳ እንደማይነድ ተናገረ። ፈረሱና ፈቃዱ እንዴት እንደተስማሙለት አላውቅም፤ የሹም ጆሮ ብዙ ነገር ይችላል።

ምንውየለት ግን ሲልቤን ያውቃታል። አንድ ዓመት ሙሉ ሲሰማት አንዲት መስመር ሳትደናቀፍ አንብባ አታውቅም። በደብዳቤው ውስጥ ምን እንዳለ ያን ጊዜ አንድ ሳይቀር ገባው። ወረቀቱን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፣ ግማሽ መንገድ ላይ አቆመው፣ መልሶም ወደ ኪሱ አስገባው።

«ሰምቻለሁ» አለ ለመልእክተኛው።

ሰውየው በቅሎው ላይ ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሲልቤ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፋ ከመጽሐፏ ውስጥ ከተተችና ቦታዋ ተመለሰች። መምህሩ ትምህርቱ ካቆመበት እንዲቀጥል አዘዘ። ተረኛዋ እሷ ነበረች። ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ እንደ ወትሮዋ ጀመረች፦ «ሎ… ሚ…»